የግራ እግሬ ለቅሶ

ይህ የደረሰብኝ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው፤ ወልድያም መርሳም መንገዱ ተዘግቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ስልኩ ዝም ባለበት ሰሞን። ከዚያ ጊዜ ሰው የሚያስታውሰው የሚያስለቅሰውን ነው፤ እኔም የሚያስለቅስ አላጣሁም። ይሄኛው ግን ብቻዬን ቁጭ ባልኩበት ትዝ እያለኝ ያስቀኛል። የመርሳ ሰው በየሻይ ቤቱ ሲያወራው እየጨመረበት፣ እየጨመረበት፣ አሁንማ ከመቃብር ወጥቼ መጥቻለሁ እስከ መባል ደርሷል። ውሸት ነው። መቃብሩ ነበረ፤ እኔ ግን አልገባሁበትም። ስለዚህ ባለጉዳዩ እኔው ራሴ ልጻፈው።

ሰዒድ እባላለሁ፤ መርሳ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜ ልኬን እንጀራ የበላሁት በግራ እግሬ ነው ማለት ይቻላል። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ነው። መብራት ኖረም አልኖረም ይሠራል፤ እግር ካለ። ቀኙ ያግዛል እንጂ ምቱን የሚያውቀው ግራው ነው።

ስኳር በሽታ ካገኘኝ ቆይቷል። ጤና ጣቢያ ያሉት ልጆች "ስኳር እግር ያደነዝዛል፤ ባዶ እግርዎን አይሁኑ" ሲሉኝ እከራከራቸው ነበር። "ቀኑን ሙሉ መኪና የሚረግጥ እግር በምን ጊዜው ይደነዝዛል?" እላቸዋለሁ። ስሠራ ጫማ አላደርግም፤ በጫማ መርገጫው አይታወቀኝም። የሰው ምክር የምሰማ ሰውም አልነበርኩም።

አንድ ቀን ባለቤቴ ዘይነባ ምሳ ይዛልኝ ሱቅ መጣችና "ይሄ ከመኪናው ሥር የፈሰሰው ምንድን ነው?" አለችኝ። እኔ የመኪናው ዘይት መስሎኛል። ጎንበስ ብላ ብታየው ደምና መግል ነው። እግሬን አገላብጣ አየችው። የተሰበረ የመኪና መርፌ ከትንሿ ጣቴ ሥር ገብቶ ሥጋው ውስጥ ተቀምጧል። መርፌው የተሰበረው ከሳምንት በፊት ነው። ወለሉን ሁሉ ጠርጌ፣ ስፈልገው ውዬ፣ አጥቼ ትቼው ነበር። ለካ እግሬ ውስጥ ነበር!

በፒንሳ ነቀልኩት፤ በጨርቅ ጠቀለልኩት፤ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጅልነት ነው፤ አውቃለሁ፤ አሁን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱ ትናንሽ ጣቶቼ ጠቆሩ። ደንበኞቼ ሽታውን ሸሽተው በር ላይ ቆመው ልካቸውን በቃል ይነግሩኝ ጀመር። በመጨረሻ ዘይነባ እየጎተተች ወልድያ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

እዚያ ያዩኝ ሐኪሞች እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው "ከጉልበት በታች ይቆረጥ፤ የሚያዋጣው እሱ ነው" አለ። ሌላኛው ገና ወጣት ነው፤ ጢሙ እንኳ በደንብ አልወጣም። ጎንበስ ብሎ ብዙ ሰዓት አየው፤ በእጁም ነካካው።

"ሁለቱ ጣቶች መሄዳቸው አይቀርም፣ ጋሽ ሰዒድ" አለኝ። "የሞተውን ሥጋ አጸዳለሁ። ቁስሉ ሲጠራ ደግሞ ከታፋዎ ቆዳ ወስጄ እጥፈዋለሁ። እግሩን ላተርፈው እሞክራለሁ።"

"እጥፈዋለሁ" ሲል ልቤ መለስ አለ። መጣፍ የማውቀው ሥራ ነው። ያለ ግራ እግሬ መኪናዬ አይዞርም፣ ስለዚህ እንደምንም ብለህ ጣፈው አልኩት።

መጀመሪያ ጣቶቹ ተቆረጡ፤ ቁስሉም በየቀኑ ይጸዳ ጀመር። ዘይነባ ስንቅና ልብስ ልታመጣ ወደ መርሳ ወረደች። በወረደች በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ወሬዋን የሰማሁት በሰው ነው፤ መርሳን ለቃ ከግራና ከተማ አለፍ ብሎ ወዳለው ወደ ታላቅ ወንድሜ ወደ ሙሄ መንደር ገብታለች አሉኝ። አልሃምዱሊላህ አልኩ።

የመጣፉ ቀን ደረሰ። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። አፌን ግን አላደነዘዙትም፤ ስህተታቸው እሱ ነበር። በደረቴ ላይ ጨርቅ ስለጋረዱብኝ አላይም፤ መቀሱን ግን እሰማለሁ። የመቀስ ድምፅ እየሰማሁ ዝም ብዬ ተኝቼ አላውቅም።

"አሁን ምን እያደረግክ ነው?" አልኩት ወጣቱን ዶክተር።

"ከታፋዎ ላይ ስስ ቆዳ እየወሰድኩ ነው።"

"ደህናውን ቀደህ የተቀደደውን ልትጥፍ? ይሄን ደንበኛ ቢያይህ ምን ይልሃል?"

"ታፋው ቶሎ ይሽራል ጋሼ፤ አይነቃነቁ።"

ቆየት ብሎ ቆዳውን በስለት ቀዳዳ ቀዳዳ ማድረግ ጀመረ። ይህን የነገረችኝ ነርሷ ናት፤ ባትነግረኝ ይሻላት ነበር። "አዲስ ጨርቅ ለምን ትበሳለህ?" ብዬ ጮህኩ። ፈሳሹ እንዲወጣበትና ቆዳው ተለጥጦ እንዲበቃ ነው አለኝ። እሺ፣ ይህቺን አላውቃትም ነበር፤ አመንኩለት። መስፋት ሲጀምር ግን ክሩ ሲጎተት ሰማሁ።

"አታጥብቀው! ክር ካጠበቅክ ይጨማደድብሃል። ላላ አድርገህ፣ ከዳር ዳር እኩል እኩል።"

ዶክተሩ ክሩን አየት አደረገ። ከዚያ ለነርሷ "እውነታቸውን ነው" አላትና አላላው። ያን ቀን ወላሂ፣ ሰው በነቃበት የራሱን እግር ያሰፋ የመጀመሪያው ልብስ ሰፊ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በነጋታው የከባድ መሣሪያው ድምፅ ቀረበ። የቻለ ሁሉ ሆስፒታሉን ለቆ ወጣ። ግሉኮሱን በእጁ ይዞ የሮጠ አለ። አልጋ ላይ "አልችልም" ሲል የከረመው ጎረቤቴ ከሁሉም ቀድሞ በሩን ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት። ሰው ሁሉ በእግሩ ነፍሱን በሚያድንበት ሰዓት፣ እኔ እግሬን ለማዳን ስል እንዳልራመድ ታዘዝኩ። እግሬን በሁለት ትራስ ከፍ አድርጌ ባዶ ክፍል ውስጥ ተጋደምኩ። ዶክተሩና ነርሷ ግን ጥለውኝ አልሄዱም፤ አላህ ይህንን ይቁጠርላቸው።

በስድስተኛው ቀን ዶክተሩ በመስኮቱ ብርሃን ፋሻውን ፈታው። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና "ያዘ!" ብሎ ጮኸ።

"ማንን ያዙት?" አልኩ ደንግጬ። የጦርነት ጊዜ ነው።

"ቆዳው ያዘ! እግርዎ ተርፏል ጋሼ!"

አለቀስኩ። አላፍርበትም። እሱም ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አደረገና እንዲህ አለኝ፦ "በሦስት ቀን ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ፤ እዚህ መድኃኒትም ምግብም እያለቀ ነው። ግን ይስሙኝ። ይህ የጣፍኩት ቆዳ ገና ለጋ ነው። ከተመታ ወይ ከተጎተተ ይላቀቃል። ከተላቀቀ እኔ ድጋሚ የምጥፍበት ነገር የለኝም፤ የሚቀጥለው መቆረጥ ነው፣ ያውም ከጉልበት በላይ። አይርገጡት። ከደረትዎ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ማንም እንዳይነካው።"

ማንም እንዳይነካው። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ያን ዕለት መሠረት የምትባል የመርሳ ልጅ ልትሰናበተኝ መጣች። አክስቷን ስታስታምም የቆየች ናት፤ አክስቷ ስለተሻላት በጓሮ መንገድ በእግራቸው ወደ መርሳ ሊሄዱ ነው። "መሠረት ልጄ፣ ወደ ግራና የሚሄድ ሰው ስታገኚ ለወንድሜ ለሙሄ መልእክት ላኪልኝ" አልኳት። "ሁለት ጣቴ ሄደ እንጂ እግሬ ተርፏል። በሦስት ቀን እግሬን ይዤ እመጣለሁ በሉልኝ።" የወጣልኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር እግሬን ይዤ እመጣለሁ ማለቴ። ያ ቀልድ ነው ጉድ የሠራኝ።

መሠረት ጨዋ ልጅ ናት፤ ታላቅን አንተ ማለት አይሆንላትም። መርሳ ደርሳ ወደ ግራና የሚመለስ ሀሰን የሚባል ሽንኩርት ነጋዴ አገኘች። "ሁለት ጣታቸው ሄደ እንጂ እግራቸው ተርፏል፤ በሦስት ቀን እግራቸውን ይዘው ይመጣሉ" ብላ ነገረችው። "እግሩን ይዞ ይመጣል" ብትለው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አከበረችኝ። በኛ ቋንቋ ደግሞ አንድ የተከበረ ሰውና ብዙ ሰው ሲመጡ አይለዩም።

ሀሰን መልእክቱን እየሰማ ሳለ የመድፍ ድምፅ መጣ፤ ሁለቱም ሮጡ። ሁለቱ ጣቶቼ ለሁለተኛ ጊዜ የጠፉት እዚያ ነው። ሀሰን ሙሄ ደጅ ሲደርስ በአፉ የቀረው "ጋሽ ሰዒድ እግራቸው ተርፏል፤ በሦስት ቀን እግራቸውን ይዘው ይመጣሉ" የሚለው ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሙሄና የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

"እግሩ ብቻ?" አለ ሙሄ።

"እግራቸው ነው ያለችኝ።"

"ሌላውስ? ራሱስ? ወገቡስ?"

"ስለ ሌላው ምንም አላለችም፤ አልዋሽም። ተርፏል ያለችው እግራቸውን ነው።"

"እነማን ናቸው ይዘው የሚመጡት?"

"እንጃ። ይዘው ይመጣሉ አለች። ልጅቷም እየሮጠች ነበር።"

ሙሄ ደረቱን መታ። ወልድያ ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ምን እንደሚያደርግም ሰው ሁሉ ያውቃል። ለቅሶ ተጀመረ። ወንዶቹ ድንኳን ስለሌለ ሸራ ወጠሩ። ፍየል ታረደ። ሴቶቹ ዘይነባን ከበው "በይ ዒዳሽን ተቀመጪ" አሏት፤ ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን። እሷ ግን "እግሩን በዓይኔ ሳላይ አልቀመጥም" አለች። እንባ አላወጣችም አሉ፤ በዚህም ጥቂት ታምታለች።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። የመንደሩን ሸህ፣ ሸህ እንድሪስን፣ ጠየቋቸው። ሸህ እንድሪስ ቀስ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ናቸው።

"የሞተ ሰው አካል ከሆነ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል" አሉ። "በሕይወት ካለ ሰው የተቆረጠ ከሆነ ግን ተጠቅልሎ መቀበር ነው፤ ሶላት የለውም። አሁን ባለቤቱ ሞቷል ወይስ አለ?"

"ሸሁ፣ እግሩ ብቻ ተርፏል ተባልን እኮ!" አለ ሙሄ።

"እኮ፣ እሱስ?"

ሸሁ ብዙ አሰቡና "እንግዲያው እግሩ ሲመጣ አይተነው እንወስናለን" አሉ። እግሩን ምን ብለው ሊጠይቁት እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሌላው ጭቅጭቅ ቀኝ ነው ግራ የሚለው ነበር። ሲታጠብ ከቀኝ ይጀመራልና። አንድ ብልህ ነኝ ባይ "የታመመው ግራው ነበር፤ ስለዚህ የተረፈው ቀኙ ነው" አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በቃ፣ በድምፅ ብልጫ ቀኝ ሆነ።

መቃብሩን የቆፈረው ሙሄ ነው። "ለአንድ እግር ክንድ ያህል ይበቃል" ሲሉት ተቆጣ። "ሌላው በኋላ የመጣ እንደሆነስ? ወንድሜን በሁለት ጉድጓድ ልቀብር ነው?" አለ። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ሙሉ ቁመቴን ቆፈረው። ከፈኑን ደግሞ ዘይነባ ከመርሳ ስትወጣ ከሱቄ ይዛው ከሸሸችው አቡጀዲ ቆረጡ። የቆረጠውም ሙሄ ራሱ ነው፤ በማጭድ።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ በአህያ ጋሪ ተጭኜ እየመጣሁ ነው። ዶክተሩ የቀረውን ኢንሱሊን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ እግሬን በሣር ጆንያ ላይ ከፍ አድርጎ በገመድ ደገፈልኝና ለባለጋሪው አደራ አለው። መርሳ አድረን በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ግራና አለፍን። እኔ በጀርባዬ ተኝቻለሁ፤ ሰማይ ብቻ ነው የማየው። እግሬ ከጋሪው በላይ ነጭ ሆኖ ቆሟል።

ወንዙ ጋ ውሃ የምትቀዳ ሴት አገኘን። ከሙሄ መንደር ናት፤ እኔ አላውቃትም።

"ወደ ለቅሶው ናችሁ?" አለች።

"የማን ለቅሶ?" አልኩ ከተኛሁበት።

"የሙሄ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው። አላህ ይዘንለት። እግሩም ገና አልደረሰም።"

ሙሄ ሌላ ልብስ ሰፊ ወንድም የለውም። ደነገጥኩ። ሴትዮዋ ግን ወሬዋን ቀጠለች። "ስፌቱስ መልካም ነበር፤ ቀጠሮ ብቻ አያከብርም ነበር አሉ። የጎረቤቴን ቀሚስ ለዒድ ብሎ ለዓረፋ ነው የሰጣት።"

"ዝናብ ስለነበር ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ደግሞ አንገቱን ሦስት ጊዜ ያስቀየረችኝ እሷ ናት!"

ሴትዮዋ ጋሪው ውስጥ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ላይ የቆመውን ነጭ እግር አየች። ጀሪካኗን ጥላ "ያ ረቢ!" እያለች ሽቅብ ሮጠች። ባለጋሪው ሳቁ አልቆም ብሎት አህያዋን መንዳት አቃተው።

እንዳይደነግጡ ብዬ መንደሩ ገና ሳይታየኝ መጮህ ጀመርኩ። "አልሞትኩም! ሙሄ! አልሞትኩም!" ለቅሶ ቤት በጩኸት የሚመጣ ሰው ብዙ ነውና ሌላ አልቃሽ መሰልኳቸው። በመንደሩ የቁልቋል አጥር ላይ መጀመሪያ ብቅ ያለላቸው ደግሞ እግሬ ነው፤ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ በአየር ላይ እየሄደ። ለቀስተኛው ሁሉ ብድግ አለ። "ላኢላሃ ኢለላህ" የሚለው ድምፅ ሲያስተጋባ ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም፤ እሱም ለእግሬ ነው።

ሙሄ እያለቀሰ መጣ። ዓይኑ በእንባ ተጋርዷል፤ ሌላውን ሰውነቴን አላየም። ሁለት እጁን ዘርግቶ እግሬን አቀፈ። "ወንድምዬ! ወንድሜ ሰዒድ!" እያለ ገመዱን ፈቶ ሊያወርደው ይጎትት ጀመር።

"ልቀቅ! ሙሄ፣ እግሬን ልቀቅ!"

"የማን እግር?" አለ ሙሄ እያለቀሰ፤ አሁንም ይጎትታል።

"የኔ ነዋ! እኔ ነኝ! እዚህ ታች ነኝ!"

ቁልቁል አየኝ። አፉን ከፈተ። እግሬን ግን አልለቀቀም፤ እንዲያውም ከድንጋጤው ጠበቅ አደረገው። ከዚያ ሰው ሁሉ ጎረፈ። የሚስመኝ፣ የሚያቅፈኝ፣ እውነት መሆኔን ሊያረጋግጥ የሚቆነጥጠኝ። ጋሪው ተናወጠ፤ እግሬ ከጋሪው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። እኔ አልተሰማኝም። ያየሁት ነው፤ ነጩ ፋሻ ላይ ቀይ ነገር ወጣ፣ ሰፋ፣ ወደ ተረከዜ ወረደ።

ዶክተሩ ያለኝ ትዝ አለኝ። ከጉልበት በላይ። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ጦርነት አልፌ መጥቼ እግሬን የሚያስቆርጠኝ የወንድሜ እቅፍ ሊሆን ነው።

ያኔ ዘይነባ መጣች። በወንዶቹ መሃል ሰንጥቃ ነው የመጣችው። ፊቴን አላየችም። ቀጥታ ወደ እግሬ ሄደች፤ የሙሄን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀችና በሁለት መዳፏ ተረከዜን ደገፈች።

"ማንም እጁን እንዳያስነካ!" አለች። ሰው ሁሉ ከጋሪው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ወደ ቤት አስገብተውኝ ፋሻውን ስትፈታ የተጣፈው ቆዳ በአንድ ጠርዝ ተነሥቷል። የክብሪት ቀፎ ስፋት ያህል ነው። ዶክተሩ የሰጠኝ ፋሻ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ ያው በደም ርሷል፣ አንዱ ደግሞ አይበቃም። ሐኪም ቤቱ እንኳን በዚያ ጊዜ፣ በደህናውም ጊዜ ሩቅ ነው። ዘይነባ ዙሪያዋን አየች። ጥግ ላይ ከፈኑ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አነሣችውና ሸህ እንድሪስን በበሩ ጠራቻቸው።

"ሸሁ፣ ይህን ቀድጄ ቁስሉን ብጠቀልልበት ወንጀል አለው?"

ሸሁ ከፈኑን አዩ፤ እግሬን አዩ። "ለእግሩ የተቆረጠ ነው፤ ለእግሩ ይዋል" አሉ። ውሳኔያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ክርክር አለፈ።

በጨው ውሃ ቀቀለችው፤ ፀሐይ ላይ አደረቀችው፤ ቀደደችው። አቆራረጡን ሳይ ደሜ ፈላ። አንዱ ጫፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ፣ ዳሩ እንደ መጋዝ። "በዚህ ጠማማ ጨርቅ ልትቀብሩኝ ነበር?" አልኩት ሙሄን። እሱም ቁጡ ነው፤ የአንድ እናት ልጆች ነን። "ቁመትህን ሙሉ የቆፈርኩልህስ? ሌላ ወንድም ቢሆን ክንድ ቆፍሮ ነበር የሚተውህ! አላህ ይስጥልኝ እንኳ አላልክም!" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አላልኩም ነበር። ስለ መቃብሬ አመሰገንኩት። ለቀስተኛው ፍየሉን በላ፤ እኔም ከራሴ ሰደቃ ደረሰኝ።

ለአራት ቀን የተጣፈው ቆዳ ይያዝ አይያዝ አልታወቀም። ዘይነባ የተነሣውን ጠርዝ መልሳ አስተኝታ፣ ዶክተሩ እንዳለው ላላ አድርጋ ጠቅልላዋለች። እኔ ጣሪያ እያየሁ የመኪናዬን ምት በሐሳቤ እቆጥራለሁ። ሙሄ ውጭ ሆኖ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" እያለ ይዞራል፤ ሰው እህል ቢያቀርብለትም አይበላም። በነዚያ ቀናት ዘይነባ ከእኔ ጋር ቁም ነገር አላወራችም። ብላ፣ ተኛ፣ አትንቀሳቀስ፤ በቃ። ተናድጄባት ነበር፤ ሞቷል ተብሎ ለመጣ ባል እንኳን ደህና መጣህ እንኳ የለም እንዴ?

በአራተኛው ቀን ጠዋት ፈታችው። እኔ ማየት ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ብዙ ቆየች። "ይዟል" አለች። ስመለከት ጠርዙ ተጣብቆ ሮዝ ሆኗል፤ የጥፍር ታህል ቦታ ብቻ ናት የቀረችው፤ እሷም ኋላ ዳነች። ሙሄ ውጭ ሆኖ ሰማና እንደገና አለቀሰ፤ ያኔ ግን ወደ እግሬ አላስጠጋነውም።

እፎይ ስል ቂሜ ወጣ። "ያን ቀን ስመጣ ፊቴን እንኳ አላየሽም" አልኳት። "ወንዱ ሁሉ ሲስመኝ አንቺ ቀጥታ ወደ እግሬ። ሞቼ የመጣሁት ባልሽ እኔ አይደለሁ?"

የተረፈውን ጨርቅ እያጣጠፈች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተማ ከቁልቋሉ ማዶ ጀምረህ ስትጮህ ሰማሁህ" አለች። "በሕይወት እንዳለህ አወቅኩ። እሱ ግን አይጮህም።"

የጨርቁን አንድ ጫፍ ይዤ አብሬያት አጣጠፍኩ።

አሁን መርሳ ተመልሰናል። መኪናዬን በሦስት ጣት እረግጣለሁ፤ ምቱ ትንሽ ተቀይሯል እንጂ ይሠራል። ሰው ታሪኩን ሲያወራ አብሬ እስቃለሁ፤ የተሳሳተውንም አርማለሁ። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ዘይነባ በር ላይ፣ ብርሃኑ ጋ፣ ቁጭ ትልና እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣት በጣት ታየዋለች። እነጫነጭባታለሁ። ረፈደብኝ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው እላለሁ። እግሬን ግን አልነጥቃትም።